በሬ ለጉብኝት አይደልብም

በጡረታ መሸኛዬ ዕለት አንድ ወጣት ባልደረባችን ማይክሮፎን ይዞ ተነሣና «ወይዘሮ ስንዱ ለወረዳችን የከብት ማድለብ ሥራ ስኬት ያበረከቱት አስተዋፅኦ» እያለ ያወድሰኝ ጀመር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው። ነገር ግን «ስኬት» ሲል በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተ። እዚያ ሆዳቸው የተወጠረ በሬዎች በአንድ ረድፍ ቆመው የተነሡት ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ የተሸለምሁትን ጋቢ ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ ደሜ ግን ፈላ። እነዚያ በሬዎች ድልብ አልነበሩም። ፎቶው በተነሣ በማግሥቱ አብዛኞቹ ሞተዋል።

ሽኝት ላይ መጣላት ነውር ነው ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ግን ቤቴ ነኝ፤ የሚቆጣኝ አለቃም የለኝም። የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ።

ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ግብርና ኮሌጅ ገብቼ በእንስሳት እርባታ ተመርቄ ስመለስ አባቴ ለጎረቤቱ «ልጄ በሬ ተምራ መጣች፤ እኔን ግን ስታይ ኖራ ምንም አልተማረችም ማለት ነው» እያለ ይስቅ ነበር። መጀመሪያ የተመደብሁት አዲ አርቃይ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ይበቃል፤ ስለ እርሱ የምለው የለኝም። ሙቀቱም ቢሆን ይለመዳል። ያልለመድሁት የገበያውን ነገር ነው። ነጋዴዎች ከብቱን ወደ ገበያ ከማውጣታቸው በፊት ጨው በገፍ ያስልሱትና ውሃ ያስጠጡታል። ከብቱ ሆዱ ተወጥሮ የወፈረ ይመስላል። ገዢው ሥጋ ገዛሁ ብሎ ውሃ ነድቶ ይሄዳል፤ ከብቱም የሊማሊሞን ዳገት ሲወጣ በመኪና ላይ ይወድቅና ይረጋገጣል። ለአለቃዬ ይህን ብነግረው «የገበያው ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም» አለኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ቃል ደጋግሜ የሰማሁት የለም። የእኛ ሥራ አይደለም!

ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ ስዛወር ጋሽ ፈንታን አገኘሁ። ጋሽ ፈንታ የወረዳው የመኖ ባለሙያ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብርዱ ቢበረታም ካፖርታቸውን የማይቆልፉ ሰው። ሥራን ያስተማረኝ ኮሌጁ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ኮሌጁ ስሙን ነገረኝ፣ ሥራውን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው።

ከአንድ ገበሬ ደጅ ሲገቡ ሰላምታውን በወጉ ያደርሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ቀድሞ ግርግሙ ውስጥ ነው። ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም። መጀመሪያ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ያያሉ። ከዚያ በእንጨት እበቱን ይከፍቱታል። ጠጥሮ እንደሆነ፣ ቀጥኖ እንደሆነ፣ ያልተፈጨ እህል ይዞ እንደሆነ ያያሉ። «ባለቤቱ ሊዋሽሽ ይችላል፤ እበት ግን አይዋሽሽም» ይሉኝ ነበር። ቀጥለው ከበሬው በስተግራ ይቆሙና ጆሯቸውን ጎኑ ላይ ይለጥፋሉ። ደህና የሆነ የበሬ ሆድ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፤ ፀጥ ካለ ችግር አለ። ፋጉሎ ሲቀርብላቸው ደግሞ ከኑጉ ጭማቂ የቀረውን ያን ጥቁር ቂጣ ቆርሰው ምላሳቸው ላይ ያኖሩታል። ሻግቶ ከሆነ እንትፍ ብለው ጆንያውን በሙሉ ይመልሱታል። አንድ ነጋዴ «ለበሬ እኮ ነው ጋሼ፣ ለእርስዎ አይደለም» ቢላቸው፣ «እኔ እንኳ መትፋት እችላለሁ፤ እርሱ ምን አማራጭ አለው?» አሉት።

በዚያ ዘመን አንዳንድ ገበሬዎች እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። «ሴት በሬ ደጅ ምን ልትሠራ መጣች?» ይላሉ። ጋሽ ፈንታ በዚህ ተቆጥተው አያውቁም። «ጥጃውን ያሳደገችው ሴት፣ ጭዱን የምታቀርብ ሴት፣ አተላውን የምትሰጥ ሴት። አንተ ምኑን አደለብኸው?» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

የእርሳቸው ትምህርት ሁሉ ሲጠቀለል «በሬ ላይ አትቸኩሉ» ነው። በእኛ አገር በጋው ጨካኝ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ቃርሚያውን ይለቅምና ከጥር ወዲያ ያለው ገለባና ጭድ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት በሬ አይደልብም፤ እንዳይወድቅ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ገለባው እንዲበላለት ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ይረጩበታል፤ ካለ አንድ ጭብጥ ፋጉሎ ይጨምሩለታል። ዝናብ ሲገባ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የራበው በሬ ጠዋት ጤዛ ያለበት ለጋ ሣር ላይ ከተለቀቀ ሆዱ ይነፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ ገለባ በልቶ፣ ጤዛው ረግፎ ነው የሚሰማራው። ይህን ያለፈ በሬ ያጣውን ሁሉ በነሐሴ ከሣሩ ይመልሳል፤ ጀርባው ይሞላል፣ ጠጉሩ ያብለጨልጫል። ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ሣር ማበብ ሲጀምር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ማድለብ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። ጥቅምት ላይ እህልና ፋጉሎ በጥቂት ይጀመራል፣ ሆዱ እየለመደ ሲሄድ ይጨመራል፣ ለገና ይደርሳል።

እንግዲህ ወደ ፎቶው ልምጣ።

ጋሽ ፈንታና እኔ ወደ ዳባት ወረዳ ከተዛወርን በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ የማድለብ ማኅበር አቋቁመን ነበር። አብዛኞቹ አባላት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ወይም የተለዩዋቸው ሴቶች ናቸው። ሰብሳቢዋ እናኑ ትባላለች። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት። እነ እናኑ ከእርሻ የወጡ ከሲታ በሬዎችን በበጋው ገዙ። እናኑ ሁለት ነበራት፤ ግራጫውን ዳልቻ፣ ግንባረ ነጩን ቦራ ትላቸዋለች። ጋሽ ፈንታና እኔ ዕቅዱን ከእነርሱ ጋር አወጣን። በጋውን በገለባ ያልፋሉ፣ ክረምቱን የማኅበሩን የተከለለ ሣር ይበላሉ፣ ለገና ይሸጣሉ። ሴቶቹ የመስኩን ዙሪያ በድንጋይ ካቡት።

ሁዳዴ ጾም ገብቶ ሳለ ኃላፊያችን ጠራኝ። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ከፋሲካ በፊት ከበላይ ጎብኚ ይመጣል። የእናኑን ማኅበር እናሳያለን» አለ።

«በሬዎቹ እኮ ገና ከሲታ ናቸው። ለገና ነው የታሰቡት።»

«ለገና የታሰበውን ለፋሲካ አድርሱልኝ። መኖ በመኪና አስመጣለሁ።»

«ምን ዓይነት መኖ?»

«የተፈጨ በቆሎ፣ የስንዴ ዱቄት። እስኪጠግቡ ይብሉ!»

«ጌታዬ፣ እነዚህ በሬዎች ከገለባ በቀር የቀመሱት የለም። ድንገት ዱቄት ከበሉ ሆዳቸው ውስጥ ይቦካል። ይሞታሉ» አልሁት።

ሳቀብኝ። «ጥጋብ የገደለው በሬ አይቼ አላውቅም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«እርስዎና አቶ ፈንታ ሁልጊዜ እንቅፋት ናችሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በማግሥቱ ለሥልጠና ወደ ጎንደር እንድሄድ ታዘዝሁ። ጋሽ ፈንታ ለክትባት ዘመቻ ወደ በየዳ ተላኩ። እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው! እኔ ግን ሳልሄድ እናኑን በስልክ «እኔ ሳልመጣ ዱቄት እንዳትሰጡ» ብዬ አስጠንቅቄያት ነበር። ምን ዋጋ አለው? ኃላፊው ራሱ መኪናውን ይዞ ሄደ። ሴቶቹ ቢያንገራግሩ «የመንግሥት መኖ እምቢ ብላችሁ ማኅበሩ ቢፈርስ በእኔ እንዳታሳብቡ» አላቸው። መሬቱም ማኅበሩም በእርሱ ፊርማ የቆመ ነው። ምን ያድርጉ? ሰጡ።

የራበው በሬ ዱቄት ሲያገኝ አያቆምም። በሉ። በማግሥቱ ጎብኚዎቹ ሲመጡ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ ግራ ጎናቸው ተነፍቶ በረድፍ ቆሙ። ያን ጊዜ ነው ፎቶው የተነሣው። ሊሞት የተነፋን ከብት ደለበ ብለው አጨበጨቡ። ከጎበኘው ሁሉ አንድ ሰው እንኳ በሬዎቹ ለምን አያመሰኩም ብሎ አልጠየቀም።

ጠዋት ሥልጠና ላይ ሳለሁ እናኑ ደወለች።

«እትዬ ስንዱ፣ ዳልቻዬ ጥርሱን ያፋጫል። ማመስኳት ትቷል። የሚያወጣው ውሃ ነው፣ ሽታው ይኮመጥጣል።»

«ዱቄቱን አንሡ! ገለባ ብቻ ስጡ፣ እንዳይተኙ አንቀሳቅሷቸው። መጣሁ!»

ማንንም ሳላስፈቅድ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝሁ። ስደርስ አንዳንዶቹ ወድቀው አንገታቸውን ወደ ጎናቸው አጥፈዋል። እናኑ ዳልቻን ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና «እንቢ ማለት ነበረብኝ?» አለችኝ። እንቢ ማለት የነበረበት የደመወዝ ተከፋይ ሁሉ «እሺ» ባለበት እርሷ ምን ብላ እንቢ ትላለች?

የሆዳቸውን ኮምጣጣ እንዲያበርድ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን በጠርሙስ ጋትናቸው። እኔ፣ እናኑ፣ የቀሩት ሴቶች፣ ክንዳችን እስኪዝል። ቦራና ጥቂቶች ተረፉ። ዳልቻ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ። የበዛውም ሞተ።

የሚገርመው ክፋት ግን ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ኃላፊው ጥፋቱ ወደ እርሱ እንዳይዞር «ያልታወቀ ተላላፊ በሽታ ገብቷል» ብሎ አወጀ። የቀበሌው ከብት ሁሉ ዳባት ገበያ እንዳይገባ ታገደ። ፋሲካ ደረሰ ማለት እኮ የበሬ ገበያ ደረሰ ማለት ነው! ዓመቱን ሙሉ አንድ በሬ ቀልቦ ያንን ሳምንት የሚጠብቅ ገበሬ ስንት ነው? ሁሉም ከብቱን ይዞ ከመንገድ ተመለሰ። ጎረቤቶቹ እነ እናኑን «በሽታ ያመጣችሁብን እናንተ ናችሁ» አሏቸው። እናኑም «ቦራን ከሰው ከብት ጋር ምንጩ ላይ እንዳታጠጪ» ተባለች። በእንስራ እያመላለሰች ቤቷ ታጠጣው ጀመር።

ጋሽ ፈንታ ከበየዳ እንደ ተመለሱ ነገርኋቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉት። እንዲያ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሣሩን ያየው ሌላ፣ ገደል የገባው በሬው!» አሉ።

ተርፈው ሲታመሙ ከቆዩት አንዱ ያን ዕለት ጠዋት ሞቶ ነበር። ጋሽ ፈንታ ሽማግሌዎቹንና ገበሬዎቹን ሜዳ ላይ አስጠሩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ግን ከሩቅ ቆመ። እርሳቸው አልቸኮሉም። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት አይከፈትም፤ በሽታው ወደ ሰው ይሻገራልና። ስለዚህ መጀመሪያ ከጆሮው ደም ወስደው ወደ ክሊኒኩ ላኩ፤ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ንጹሕ ነው የሚል መልስ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ጓንታቸውን አጥልቀው ትልቁን ጨጓራ ሰነጠቁት።

ሽታው ሜዳውን አለበሰው። ውስጡ ነጭ፣ ወፍራም፣ አረፋ የሚተፋ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ጠጋ አሉና «ይኸማ ሊጥ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ሊጥ ነው አባቴ» አሉ ጋሽ ፈንታ። «የቦካ ሊጥ። ሳንባውን እዩ፣ ጉበቱን እዩ፣ ደህና ነው። ይህን በሬ በሽታ አልገደለውም። ያልለመደውን ዱቄት ያለ ልክ ያጎረሱት ሰዎች ናቸው የገደሉት።»

በዚያው ሳምንት ወረዳው ስብሰባ ጠራ። ኃላፊው «ምርመራው ገና አልተጠናቀቀም፤ እገዳው ይቀጥላል» ሲል እጄን አነሣሁ።

«ተጠናቋል። ገበሬው በዓይኑ አይቷል» አልሁ። «ዱቄት እንዳይሰጥ ነግሬዎታለሁ። እኔን ወደ ጎንደር፣ ጋሽ ፈንታን ወደ በየዳ ልከው አሰጡት። በሬ ሞተ፤ ይህ አንድ ነው። አሁን ደግሞ ለእርስዎ ስም ሲባል የአንድ ቀበሌ ሕዝብ በዓል ሊያልፈው ነው። ገበያውን ይክፈቱላቸው!»

ከጎኔ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ ወንበሩን ትንሽ ከእኔ አራቀ። ያን የወንበር ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እገዳው ተነሣ። መቼ? ከፋሲካ በኋላ። በሬ የሚገዛ በሌለበት፣ ሰው ሁሉ አርዶ በጨረሰበት። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ ፎቶው ተያይዞ ሄደ፤ የሞቱት ግን አልሄዱም። ኃላፊው ወደ ዞን አደገ። ጋሽ ፈንታ ከመስክ ተነሥተው ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረጉ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሬ ሳይነኩ ኖሩ። ለእርሳቸው ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። እኔ በየዳ ተመደብሁ።

በየዳ ለቅጣት ተልኬ ነው የሄድሁት፤ የቅጣት አገር ሆኖ ግን አላገኘሁትም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መኪና የሚደርስበት ጥቂት ነው። ሰዉ ግን የነገርሁትን ይሞክራል፤ ካልሠራ «አልሠራም» ይለኛል። የገብስ ገለባውን ከዝናብ የሚያስጥሉበትን ዳስ አብረን ሠራን፤ ከዚያ ወዲያ ግንቦት ላይ የሚወድቀው ከብት ቀነሰ። ለዚህ የመጣ ጎብኚ የለም። ፎቶ ያነሣም የለም። የጋሽ ፈንታን ሞት የሰማሁት እዚያ ሳለሁ ነው። ለቀብራቸው አልደረስሁም፤ መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ነበር። ይህም ያንገበግበኛል።

ብዙ ቆይቼ ወደ ዳባት ስመለስ እናኑን ልጠይቅ ሄድሁ። ማኅበሩ ፈርሶ ነበር። እርሷ ግን ቦራን ያን ዓመት ክረምቱን በሣር አሳልፋ፣ ከጥቅምት ጀምራ በዕቅዱ መሠረት አድልባ ለገና ሸጠችው። በዚያ ተነሥታ ቀስ በቀስ ሌሎቹንም ሴቶች መልሳ ሰበሰበች፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ከማንም ሳይለምኑ። ካቡን አድሰውት ነበር። ወደ ግርግሙ ስጠጋ ድርቆሹ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ደርቋል፤ ገና ሲያብብ እንደ ታጨደ ያስታውቃል።

«ከቢሮ ሰው ይመጣል?» አልኋት።

«ቢመጣም ከበር ነው የማነጋግረው» አለችኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ታኅሣሥ የአሁኑ ኃላፊ ጎብኚዎች ይዘን ወደ እናኑ እንድንሄድ አዘዘ። ወጣት ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው። ካሜራ የያዘ ሰውም አስከትሏል። በጠዋት ደርሰን በሩን አንኳኳን። እናኑ ወጣችና በሯን ከኋላዋ መለስ አድርጋ ቆመች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው።

«እንደምን አደራችሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ፣ በሬዎቹን ለማየት ነበር» አለ ኃላፊው። «እንግዶቹ ይቸኩላሉ። አውጥታችሁ በረድፍ ብታቆሙልን፣ ፎቶ አንሥተን ወዲያው እንሄዳለን።»

«እየበሉ ነው» አለች።

«ለትንሽ ጊዜ ነው እኮ!»

«ልጄ፣ እየበላ ያለ በሬ ከግርግሙ አይነሣም። በልተው ይጠጣሉ፣ ጠጥተው ተኝተው ያመሰኳሉ። ያን ጊዜ ገብታችሁ ታያላችሁ። በረድፍ ግን አይቆሙም።»

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ ዞረና በቀስታ «ወይዘሮ ስንዱ፣ እርስዎን ያከብራሉ። እባክዎ አንድ ነገር ይበሏት» አለኝ።

ጎብኚዎቹም ሁሉ ወደ እኔ አዩ።

«እናኑ» አልኋት፣ «ውሃው ገና ካልተቀዳ ላግዝሽ?»

«ግቢ» አለችኝ። እኔን አስገብታ በሩን ዘጋችው።